ቲማቲምና ሎሚ ጥራጥሬው ከበሰለ በኋላ ይግቡ
ደረቅ ቦሎቄ፣ ሽምብራ ወይም ምስር እሳት ላይ ብዙ ቆይቶም አልለሰልስ ሲል፣ አንዱ ምክንያት ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ መግባቱ ሊሆን ይችላል። ጥራጥሬውን በመጀመሪያ በውኃና በጥቂት ጨው ብቻ ቀቅለው፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን ቲማቲሙን ወይም ኮምጣጤውን ይጨምሩ። የፍሬውን ሕዋሳት አያይዞ የሚይዘው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ኮምጣጣ በሆነ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ስለማይሟሟ፣ አሲድ ቀድሞ ከገባ ፍሬው እንደጠነከረ ይቆያል። ጨው ጥራጥሬን ያጠነክራል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ እንዲያውም በጨው ውኃ መዘፍዘፍ ቆዳውን ያለሰልሳል። ሎሚውን ድስቱ ከወረደ በኋላ መጭመቅ ደግሞ በሙቀት የሚጎዳውን ቫይታሚን ሲ ስለሚያተርፍ፣ ሰውነት በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት በተሻለ ሁኔታ እንዲወስድ ያግዛል።

ለዓመታት የተቀመጠ ጥራጥሬ በዚህም ዘዴ ላይለሰልስ ይችላል። ቀይ ቦሎቄ በጥሬው ሌክቲን የተባለ መርዛማ ፕሮቲን ስላለው፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል ማንተክተክ ያስፈልጋል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ ማብሰል አይበቃም።