ፓነሉ ከዳታቤዙ ጋር አልገናኝም ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የምናስተዳድርበትን ፓነል ስንተክል መጀመሪያ ዳታቤዙን እዚያው ማሽን ላይ እናደርገዋለን። ሁሉም ነገር ይሠራል። ጣጣው የሚጀምረው ዳታቤዙን ወደ ሌላ ማሽን ስናወጣው ነው። ፓነሉ ደብረ ብርሃን፣ ዳታቤዙ ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ ይሆናል። ወይም ፓነሉ ውጭ አገር በተከራየነው ሰርቨር ላይ፣ ዳታቤዙ እዚሁ ቢሮ ውስጥ ይሆናል። ያኔ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል ቀይ መስመር ይመጣል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፋየርዎሉን ያጠፋል። ዳታቤዙን ለዓለም ሁሉ ይከፍታል። ሩት ዩዘርን፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለውን፣ ከየትም እንዲገባ ይፈቅድለታል። አንዳንዴ ይሠራል። ከሦስቱ የቱ እንደሠራ ግን አይታወቅም፣ በሩም ተከፍቶ ይቀራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ስህተቱ ላይ ያለው ቁጥር የት እንደቆማችሁ በደንብ ይናገራል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የላካችሁት ዕቃ ሳይደርስ ቢቀር መጀመሪያ የምትጠይቁት የት እንደቀረ ነው። ጣርማበርን አለፈ? ደብረ ሲና ደረሰ? ወይስ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ተረካቢው አልቀበልም አለ? እዚህም እንደዚያው ነው። 2003 ካያችሁ ወይ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይ በሩ ላይ ተቀባይ አላገኘም። 1130 ካያችሁ ደርሷል፣ ግን «ከዚህ አድራሻ የሚመጣ አንቀበልም» ተብሏል። 1045 ከሆነ ስሙ ወይም ፓስወርዱ አላለፈም። 1044 ከሆነ ገብቷል፣ የፈለገውን ዳታቤዝ እንዲነካ ግን አልተፈቀደለትም።

የምጽፈው ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በሚባሉት ሊኑክሶች ላይ ስላሉ ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ ስለሚባሉት ዳታቤዞች ነው። የትዕዛዞቹን ስም አፍ ላይ እንደምንጠራቸው ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ሙከራውን ፓነሉ ካለበት ማሽን ላይ አድርጉት። ከላፕቶፓችሁ ሞክራችሁ ቢገባ ስለ ፓነሉ ምንም አይነግራችሁም፤ አድራሻውም ፋየርዎሉም ሌላ ነው። በፓነሉ ማሽን ተርሚናል ላይ የማይኤስኪውኤል ክላየንቱን ክፈቱና የዳታቤዙን አይፒ፣ ዩዘሩንና ፓስወርዱን ስጡት። አድራሻውን በቁጥር ጻፉ። «ሎካልሆስት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ክላየንቱ ኔትወርኩን ጨርሶ አይነካም፣ በሶኬት ፋይል በኩል እዚያው ማሽን ውስጥ ይፈልጋል።

2003 ብሎ በቅንፍ 111 ሲጽፍ

መልሱ ወዲያው ነው የሚመጣው። ማሽኑ አለ፣ መንገዱም ክፍት ነው፣ 3306 ፖርት (ዳታቤዙ ጥያቄ የሚቀበልበት በር) ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም።

ወደ ዳታቤዙ ማሽን ግቡና በኤስኤስ ትዕዛዝ የተከፈቱትን ፖርቶች እዩ። 127.0.0.1:3306 የሚል ካገኛችሁ ምክንያቱ ተገኘ። ዳታቤዙ የሚሰማው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ሲተከል ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ለደህንነት ተብሎ።

ማስተካከያው ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ባይንድ አድሬስ የሚለው መስመር ነው። በማሪያዲቢ 50-ሰርቨር የሚባለው ፋይል ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ በማይኤስኪውኤል ደግሞ ማይኤስኪውኤልዲ በሚባለው። እዚያ ላይ ተጠንቀቁ፤ በማይኤስኪውኤል 8 ማይኤስኪውኤልኤክስ ባይንድ አድሬስ የሚል ተመሳሳይ መስመር አጠገቡ አለ። እሱ የ33060 ፖርት ነው። እሱን ቀይሮ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው።

0.0.0.0 መጻፍ ቀላሉ መንገድ ነው፣ በሁሉም አድራሻ አዳምጥ ማለት ነው። እኔ የምመርጠው የማሽኑን የውስጥ አይፒ ብቻ መጻፍ ነው፣ ለምሳሌ 192.168.10.5። እንዲህ ስታደርጉ ግን እኛ አገር ሌላ ነገር ይከተላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ይነሳል። ኔትወርኩ ያን አይፒ ሳያገኝ ዳታቤዙ ከተነሳ አድራሻውን መያዝ ስለማይችል ራሱን ይዘጋል። ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ደግሞ ይኸው 111። ለማሽኑ ቋሚ አይፒ ስጡት። በሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው) በኩልም ዳታቤዙ ኔትወርኩ ከተዘጋጀ በኋላ እንዲነሳ አድርጉ፣ ኔትወርክ ኦንላይን የሚለውን ታርጌት እንዲጠብቅ ማለት ነው።

መብራት በድንገት ከተቋረጠ በኋላ ሌላ የ111 ምክንያትም አለ። ዳታውን የሚያስቀምጠው የዳታቤዙ ክፍል፣ ኢኖዲቢ፣ ሲነሳ ሎጉን አንብቦ በእንጥልጥል የቀረውን ሥራ ያስተካክላል። ዳታው ትልቅ ከሆነ ይህ ጊዜ ይወስዳል። እስኪጨርስ ፖርቱ አይከፈትም። ኤረር ሎጉን እያያችሁ ጠብቁ፣ በኃይል አትዝጉት። ደጋግሞ መግደል ዳታውን ለአደጋ ያጋልጣል።

2003 ብሎ በቅንፍ 110 ሲጽፍ

ይሄኛው ያስጠብቃል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይቆይና ጊዜው አለፈ ይላል። የላካችሁትን ጥያቄ አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር በዝምታ እየጣለው ነው። ከ110 ይልቅ 113 ከመጣ ፋየርዎሉ በግልጽ መልሶት ይሆናል፣ ወይም ወደ ማሽኑ የሚወስድ መንገድ የለም።

ሁለቱ ማሽኖች አንድ ቢሮ ውስጥ ከሆኑ ፋየርዎሉን እዩ። ዩኤፍደብሊው በሚባለው የኡቡንቱ ፋየርዎል ለፓነሉ አይፒ ብቻ 3306ን ክፈቱ። «ከዚህ አይፒ ወደ 3306 ፍቀድ» የሚለው አንድ መስመር ይበቃል። ሰርቨሩ የተከራያችሁት ከሆነ አከራዩ የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ይችላል፣ እዚያም በድረ ገጹ ገብታችሁ መክፈት ያስፈልጋል።

ከባዱ ዳታቤዙ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ፓነሉ ውጭ ሲሆን ነው። 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ከቢሮው ውጭ ትርጉም የለውም። ሰው ይህን ያውቅና ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርድ ያደርጋል። አሁንም 110። ራውተሩ ውስጥ ግቡና ከኢንተርኔት በኩል የተሰጠውን አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መሀል ከሆነ አገልግሎት ሰጪው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። 10 ብሎ ከጀመረም ያው ነው። በዚህ ሁኔታ ፖርት ፎርዋርድ ምንም ብትነካኩት አይሠራም፣ ከውጭ የሚመጣው ጥያቄ ራውተራችሁ ጋ አይደርስምና። ቀኑን ሙሉ ራውተር ላይ አትድከሙ።

መፍትሄው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ከቢሮ ወደ ውጭ መውጣት ይቻላል። ስለዚህ ዋየርጋርድ ቪፒኤን ትከሉና የቢሮው ማሽን ራሱ ወደ ውጭው ሰርቨር ይደውል። ውጭው ሰርቨር ላይ አንድ የዩዲፒ ፖርት ብቻ ይከፈታል፣ ብዙ ጊዜ 51820 ነው። ለሁለቱም የውስጥ አድራሻ ትሰጣላችሁ፣ ለምሳሌ 10.8.0.1 እና 10.8.0.2። ፓነሉ ዳታቤዙን በ10.8.0.2 ይጠራዋል። በቢሮው በኩል ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚለውን 25 ሰከንድ አድርጉት፤ ካልሆነ መስመሩ ዝም ሲል ራውተሩ ይረሳዋል። ዳታው መንገድ ላይ ተመስጥሮ ስለሚሄድ 3306ን ለኢንተርኔት መክፈት ጨርሶ አያስፈልግም። ቋሚ የውጭ አይፒ ያለው ሰው እንኳ ይህን መንገድ ቢከተል ደስ ይለኛል።

ለጊዜው ለሙከራ ከሆነ የኤስኤስኤች ተነል፣ ማለትም በኤስኤስኤች ግንኙነት ውስጥ የሚያልፍ መስመር፣ ይበቃል። ለዘለቄታው ግን ሲቋረጥ ራሱን እንዲያነሳ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው።

1130፦ ከዚህ ሆስት መግባት አይፈቀድም

ደርሳችኋል፣ መንገዱን አትንኩት። በማይኤስኪውኤል ዩዘር ማለት ስም ብቻ አይደለም፣ ስምና የሚመጣበት አድራሻ አብረው ናቸው። «ፓነል» የተባለውን ዩዘር ለሎካልሆስት ከፈጠራችሁት ከሌላ ማሽን ሲመጣ ዳታቤዙ አያውቀውም።

ስህተቱ ውስጥ የተጻፈውን አድራሻ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ዳታቤዙ እናንተን የሚያያችሁ በዚያ አድራሻ ነው። እናንተ ከምታስቡት ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ፓነሉ ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል በተለየ ክፍል የሚያስኬድ) ውስጥ ሆኖ ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ከዶከር ውጭ ከሆነ 172.17 ወይም 172.18 የሚጀምር አድራሻ ታያላችሁ። ኮንቴይነር ውስጥ 127.0.0.1 ማለት ራሱ ኮንቴይነሩ እንደሆነም አትርሱ። ዳታቤዙን ራሱን ዶከር ውስጥ አድርጋችሁ ፖርቱን ወደ ውጭ ካወጣችሁት ደግሞ ዶከር ዩኤፍደብሊውን አልፎ ይከፍተዋል። ዘግቼዋለሁ ብላችሁ ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ይህ በጣም አሳሳቢ ነው።

ትናንት ሠርቶ ዛሬ 1130 ካለ መብራት ሄዶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ራውተሩ ሲነሳ ለፓነሉ ማሽን አዲስ አይፒ ሰጥቶት ይሆናል። ራውተሩ ላይ አይፒውን ለማሽኑ አስይዙት። ከዚያ ሬኔም ዩዘር በሚለው ትዕዛዝ የዩዘሩን አድራሻ አስተካክሉ። መብቱ አብሮት ይሄዳል፣ እንደገና መፍጠር አያስፈልግም። በመቶኛ ምልክቱ (%፣ «ከየትም» ማለት ነው) ሁሉን ከመክፈት ይልቅ 192.168.10 ብላችሁ መጨረሻው ላይ ብቻ መቶኛ ብታደርጉ የቢሮውን ኔትወርክ ይሸፍናል።

በነገራችን ላይ ክሬት ዩዘር፣ ግራንት ወይም ሬኔም ካደረጋችሁ በኋላ ፍላሽ ፕሪቪሌጅስ ማለት አያስፈልግም። ሠንጠረዡን በእጅ ከቀየራችሁ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

1045፦ አክሰስ ዲናይድ

መጨረሻው ላይ ያለችውን ቃል እዩ። ፓስወርድ ተጠቅሟል ለሚለው «ኖ» ካለ ፓነሉ ጭራሽ ፓስወርድ አልላከም፣ ስለዚህ ችግሩ ዳታቤዙ ላይ አይደለም። የፓነሉን ኮንፊግ እዩ። ፓስወርዱ ውስጥ የሃሽ ምልክት ካለና በትምህርተ ጥቅስ ካልታቀፈ ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ማስታወሻ ተቆጥሮ ሊቆረጥ ይችላል። አስተካክላችሁም ካልተቀየረ ፓነሉ የድሮውን ኮንፊግ በካሽ ይዞት ይሆናል፤ ካሹን አጽዱ።

«የስ» ብሎ እምቢ ካለና ፓስወርዱ ትክክል እንደሆነ እርግጠኛ ከሆናችሁ ያንኑ ስም የያዙ ሁለት ዩዘሮች እንዳሉ ፈትሹ። አንዱ ለመቶኛ፣ አንዱ ለተወሰነ አይፒ። ዳታቤዙ ሁሌም ይበልጥ የተወሰነውን ይመርጣል። እናንተ የአንዱን ፓስወርድ እየቀየራችሁ እሱ ሌላኛውን እያየ ነው። የማያስፈልገውን አጥፉ።

1044፦ ይገናኛል፣ ግን አዲስ ዳታቤዝ መፍጠር አይችልም

ፓነሉ ለየሰርቨሩ ዳታቤዝና ዩዘር የሚፈጥር ከሆነ የሱ ዩዘር በሁሉም ላይ መብት ከነግራንት ኦፕሽን (መብቱን ለሌላ የማስተላለፍ ፈቃድ) ያስፈልገዋል። ይህ ከባድ ሥልጣን ስለሆነ ከፓነሉ አይፒ ውጭ ለማንም አትስጡት። 1410 ወይም የ1064 የአጻጻፍ ስህተት ከመጣ የድሮ መመሪያ እየተከተላችሁ ነው። ከማይኤስኪውኤል 8 ጀምሮ ግራንት ዩዘር አይፈጥርም። መጀመሪያ ክሬት ዩዘር፣ ቀጥሎ ግራንት።

2054 እና 2061

ማይኤስኪውኤል 8 ካሺንግ ሻ2 የሚባል የፓስወርድ ማረጋገጫ ይጠቀማል። የቆየ ፒኤችፒ ያለው ፓነል አያውቀውም፣ 2054 ይላል። ፒኤችፒውን ከ7.4 በላይ አሳድጉት። ብዙዎች ወደ ድሮው ኔቲቭ ፓስወርድ ይመልሱታል፤ እሱ ግን በ8.4 ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ በ9.0 ወጥቷል። ነገ ስታሻሽሉ እንደገና ትወድቃላችሁ። 2061 ደግሞ ግንኙነቱ ያልተመሰጠረ ነው ማለት ነው፤ ፓነሉ ላይ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረውን ቲኤልኤስ አብሩ።

ሲሠራ ቆይቶ ይቆማል

1129 ካያችሁ ዳታቤዙ የፓነሉን አድራሻ አግዶታል። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ሰርቨሩ መሥራቱን የሚከታተለው የራሳችን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። «3306 ክፍት ነው ወይ» ብሎ በር አንኳኩቶ ይሄዳል፣ ዳታቤዙ ይህን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። በተከታታይ 100 ሲሞላ ይዘጋል። ሆስት ካሹን አጽዱ፣ መቆጣጠሪያውንም በማይኤስኪውኤል አድሚን ፒንግ ቀይሩት።

1040 ከሆነ የግንኙነት ቁጥሩ ሞልቷል። ማይኤስኪውኤል ሲተከል 151 ነው። ከመጨመራችሁ በፊት ማን ይዞት እንደቆየ በሾው ፕሮሰስሊስት እዩ።

ሎግ ስታነቡ ሰዓቱን አስተውሉ። የማይኤስኪውኤል ኤረር ሎግ ካልቀየራችሁት በዩቲሲ ነው የሚጽፈው፣ ማሽኑ የአዲስ አበባ ሰዓት ቢኖረውም። የጥበቃው ሠራተኛ «መብራት የሄደው ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው» ካሏችሁ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት 17:00ን ነው። 20:00 ላይ ፈልጎ «ምንም የለም» ያለ ሰው ምክንያቱን ሳያገኝ ይቀራል።

ፓነሉ ይሠራል፣ ተጠቃሚው ግን አይገባም

ፓነሉ ዳታቤዙን ፈጥሮ ለተጠቃሚው አድራሻ፣ ስምና ፓስወርድ ያሳያል። ተጠቃሚው በዚያ ሲሞክር 2003። ፓነሉ ላይ ዳታቤዙን ስታስመዘግቡ የጻፋችሁት አድራሻ እንዳለ ነው የሚታየው። 127.0.0.1 ጽፋችሁ ከሆነ ለፓነሉ ትክክል ነው፣ መሐል ሜዳ ላለው ሰርቨር ግን የራሱ ማሽን ነው። ፓነሉም ሌሎቹ ሰርቨሮችም የሚደርሱበትን አንድ አድራሻ አስመዝግቡ፣ የቪፒኤኑን ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ የፓነሉን ዩዘር ለአዲሱ አድራሻ አስተካክሉና ለየሰርቨሩ የተፈጠሩት ዩዘሮች ከየት እንዲገቡ እንደተፈቀደላቸው በሾው ግራንትስ አንድ በአንድ ፈትሹ።