በመንግሥት ሲስተም ላይ የደህንነት ክፍተት ሲያገኙ እንዴት ያሳውቃሉ?

የመንግሥት ሲስተም ላይ አንድም ሙከራ ከማድረግዎ በፊት የተቋሙን የተጋላጭነት ማሳወቂያ ፖሊሲ ያንብቡ። የትኞቹ ድረ-ገጾች እንደተፈቀዱ፣ ምን ዓይነት ሙከራ እንደተከለከለና ሪፖርቱ በየት በኩል እንደሚገባ እዚያ ይጻፋል። ፖሊሲ ከሌለ ፈቃድ የለዎትም፤ ከዚህ በታች ያለው የፍተሻ ክፍልም እርስዎን አይመለከትም።

አሜሪካ ውስጥ ፖሊሲውን ማግኘት አይከብድም። የሳይበር ደህንነትና የመሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲው ሲሳ በሴፕቴምበር 2020 ያወጣው አስገዳጅ መመሪያ 20-01 የፌዴራል ሲቪል መሥሪያ ቤቶች ይህን ፖሊሲ እንዲያወጡ አዟል፤ መከላከያ ሚኒስቴሩም ከ2016 ጀምሮ የራሱ አለው። የሪፖርት አድራሻው ብዙ ጊዜ «ሴኪዩሪቲ ዶት ቲኤክስቲ» (security.txt) በሚባል ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ፋይሉ ከድረ-ገጹ ስም ቀጥሎ «ዌል-ኖውን» (.well-known) በሚለው ፎልደር ሥር ይቀመጣል። «ኤክስፓየርስ» የሚለውን መስመር ማየት አይርሱ፤ ቀኑ ካለፈ አድራሻውን የሚከታተል ሰው ላይኖር ይችላል።

መመሪያው ግን ክፍለ ግዛቶችንና ከተሞችን አያስገድድም፣ ይህም ዋጋ ያስከፍላል። በ2021 ሚዙሪ ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ የመምህራን የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር በትምህርት መምሪያው ድረ-ገጽ የኤችቲኤምኤል ኮድ (ማንም በብራውዘሩ ሊያየው የሚችለው የገጹ መነሻ ጽሑፍ) ውስጥ ተቀምጦ አገኘ። ጋዜጣው ለመምሪያው አሳውቆ፣ ክፍተቱ እስኪዘጋ ዜናውን ይዞ ቆየ። አገረ ገዢው ማይክ ፓርሰን ግን ሰውየውን ጠላፊ አሉት፣ ጉዳዩንም ወደ ዐቃቤ ሕግ መሩት። ክስ እንደማይመሠረት የተነገረው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በቅን ልቦና የሚደረግ ምርምር በኮምፒዩተር ማጭበርበር ሕጉ እንዳይከሰስ ቢወስንም፣ ውሳኔው ለፌዴራል ዐቃቤ ሕጎች ብቻ የተሰጠ ነው፤ የክፍለ ግዛት ክስንም ሆነ የፍትሐ ብሔር ክስን አያስቀርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህም በላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 የሚያየው ፈቃድ መኖር አለመኖሩን ነው። ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ሲስተም ውስጥ መግባት እስከ 3 ዓመት ያሳስራል፤ ሲስተሙ ለአንድ ተቋም አገልግሎት ብቻ የተመደበ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት። የተጻፈ ፈቃድ ካልያዙ እንደማንኛውም ተገልጋይ ሲጠቀሙ ዓይንዎ ያረፈበትን ብቻ ለተቋሙ ወይም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያሳውቁ። «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብለው አንድ እርምጃ አይጨምሩ።

ፈቃድ ካለ ወደ ፍተሻው እንግባ። በጣም የተለመደውን እንውሰድ፦ የቀጠሮ ማስያዣ ገጽ ሊንኩ ላይ የማመልከቻ ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩን በአንድ ከፍ ሲያደርጉት የሌላ ሰው ማመልከቻ ይከፈታል። ፖሊሲው የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት የራስዎን አካውንቶች ከፍተው፣ በአንዱ ገብተው የሌላውን ማመልከቻ ለመክፈት ይሞክሩ። እንዲህ ከተደረገ የማንም መረጃ አይነካም። ይህ ካልተቻለና የሰው መረጃ ስክሪኑ ላይ ከመጣ እዚያው ያቁሙ፤ አንድ መዝገብ በቂ ማስረጃ ነው። ከ1 እስከ 1000 የሚቆጥር ስክሪፕት ያስኬደ ሰው «ስፋቱን ላሳይ ብዬ ነው» ቢልም ሎጉ (ሰርቨሩ ማን መቼ ምን እንደከፈተ የሚይዝበት መዝገብ) ላይ የሚታየው የመረጃ ዝርፊያ ነው። ስፋቱን ተቋሙ ከራሱ ዳታቤዝ ቆጥሮ ያውቀዋል። የሲሳ የፖሊሲ ናሙናም ጥብቅ መረጃ ያጋጠመው ሰው ሙከራውን እንዲያቆም፣ ወዲያው እንዲያሳውቅና ለማንም እንዳያሳይ ያዛል። ሰርቨር ማጨናነቅ፣ ሠራተኛን በስልክ ወይም በኢሜይል ማታለል፣ ቢሮ ውስጥ ገብቶ መሞከርም በናሙናው ክልክል ናቸው።

የሪፖርቱ ርዕስ ችግሩን ይናገር፦ «የቀጠሮ ገጽ፦ የማመልከቻ ቁጥር ሲቀየር የሌላ ሰው መረጃ ይታያል»። «እጅግ አስቸኳይ!!!» የሚል ርዕስ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ቀጥሎ ሙሉ ሊንኩን፣ ከዚያም እርምጃዎቹን በቁጥር፣ በአንድ ቁጥር አንድ ድርጊት ብቻ አድርገው ይጻፉ። ወደ ሰርቨሩ የላኩትን ሪኩዌስት (ጥያቄ) እና የመጣውን ምላሽ በጽሑፍ ይለጥፉ፤ ተቀባዩ ኮፒ አድርጎ ሊሞክረው ስለሚፈልግ ስክሪንሹት ብቻውን አይበቃም። የሙከራ አካውንትዎን ስምና የአይፒ አድራሻዎንም ይጨምሩ።

ሰዓት ላይ ብዙ አበሻ ይሳሳታል። ከቀኑ 8፡30 ላይ ሞክሬያለሁ ብለው ለውጭ ተቋም ቢጽፉ ሎጉን የሚፈትሸው ሰው የጠዋቱን 8፡30 ይፈልጋል፣ ምንም አያገኝም፣ ሪፖርቱንም «አልተረጋገጠም» ብሎ ይዘጋዋል። ያ ሰዓት በአዲስ አበባ በውጭ አቆጣጠር 14፡30፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ደግሞ 11፡30 ነው። ዩቲሲውን ይጻፉ፤ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያድርጉት።

ስክሪንሹት ላይ ያለ ስምና መለያ ቁጥር በድፍን ጥቁር ይሸፈን። ማደብዘዝ አስተማማኝ አይደለም፤ ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መደረብ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ኮፒ ከመደረግ አያድነውም። ዚፕና ስክሪፕት አባሪ አያድርጉ፤ የመንግሥት ኢሜይል ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ሙሉ መልእክቱን ያስቀረዋል። የስካነር (ክፍተት በራሱ የሚፈልግ ፕሮግራም) ውጤት እንዳለ መላክም አይረባም። አደጋውንም አያጋንኑ፤ መካከለኛውን «ከፍተኛ» ያለ ሰው ቀጣዩ ሪፖርቱ በጥርጣሬ ይነበባል።

ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አይጻፉ። ሽልማት የሚከፈለው አስቀድሞ በታወጀ ፕሮግራም ነው፤ ከዚያ ውጪ «ካልከፈላችሁ እለጥፈዋለሁ» የሚመስል ዓረፍተ ነገር ማስፈራሪያ ይሆናል።

በሲሳ ናሙና መሠረት በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ «ደርሶናል» የሚል መልስ ይጠበቃል። መልስ ካጡ ያንኑ ሪፖርት ከነመጀመሪያው ቀኑ ደግመው ይላኩ፤ አሁንም ዝም ካሉ አደራዳሪ ይፈልጉ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለው ሰርት ማስተባበሪያ ማዕከል እንዲህ ያለውን ይይዛል፤ ከመጀመሪያው ግንኙነት 45 ቀን በኋላ ይፋ ማድረግም ልማዱ ነው። የመንግሥት ሲስተም ግን ጥገናው በግዥና በኮንትራክተር በኩል ስለሚያልፍ፣ እየሠሩበት መሆኑን እስከነገሩዎት ድረስ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ይሻላል። እስከዚያው በቴሌግራም ቻናል «አንድ ትልቅ ነገር አግኝቻለሁ» ብሎ ፍንጭ መጣልም ይፋ ማድረግ ነው። ፍንጩን ይዞ የሚፈልግ አይጠፋም።

ተዘግቷል ሲሉዎት ድጋሚ የሚፈትሹት ከጠየቁዎት ብቻ ነው። ከዚያ የያዙትን የሰው መረጃ ያጥፉ፦ ከቡርፕ (የድረ-ገጽ ሪኩዌስትና ምላሽ የሚቀዳ የመፈተሻ ፕሮግራም) ፋይሉ፣ ከስልክዎ ጋለሪ፣ ሳያውቁት ወደ ጉግል ፎቶስ ከተጫነው ቅጂ፣ ለራስዎ ብለው ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ካስቀመጡትም ጭምር። ያጠፉበትን ቀን ለተቋሙ በጽሑፍ ያሳውቁ።