ድንክ የፍየል ግልገል፦ ቀንዱ መቼ ይተኮስ? መቼስ ይኮላሽ?

ቀንድ መተኮስ፣ ማለትም የግልገሉን የቀንድ እምቡጥ ገና ሳያድግ በጋለ ብረት ማቃጠል፣ እና ማኮላሸት ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚነሱት። «ሐኪሙ ከመጣ አይቀር ሁለቱንም ዛሬ እንገላገል» ይባላል። ብዙው ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቀንድ አይጠብቅም፣ ማኮላሸት ግን ቢዘገይ ይሻላል። አንዱ በቀናት፣ ሌላው በሳምንታትና በወራት ይቆጠራል።

እንደ ናይጄሪያን ድዋርፍና ፒግሚ ያሉ ድንክ ዝርያዎች ላይ ነገሩ የበለጠ ይጠነክራል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢመዝኑ ነው። ለትልቅ ፍየል የተጻፈ የቀን ቁጥር ሁልጊዜ አይሠራላቸውም። ስለዚህ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ጣታችሁን እመኑ።

ችግር፦ ሳምንት ሞላው፣ ቀንድ ግን አይታይም

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እምቡጡ ገና አልደረሰም፣ ወይ ግልገሉ ጎዳ ነው፤ ቀንድ አያበቅልም።

ለመለየት መጀመሪያ ፀጉሩን እዩ። ቀንድ የሚያበቅል ግልገል ግንባሩ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት የፀጉር ሽክርክሪት አለው። ገና ተወልዶ እርጥብ እያለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካለፋችሁም ፀጉሩን በውሃ አርጥባችሁ እዩት። የጎዳው ፀጉር ለጥ ያለ ነው። ቀጥሎ በአውራ ጣታችሁ ቆዳውን ገፋ አድርጉት። ጎዳም ቢሆን ጉብታ ሊኖረው ይችላል፤ ቆዳው ግን በጉብታው ላይ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ቀንድ ካለ ቆዳው ቦታው ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል።

ቀንድ እንዳለው ካወቃችሁ በየቀኑ ዳስሱት። ሹል ብሎ እንደ ጥራጥሬ ፍሬ ጣታችሁን ሲነካው ጊዜው ደርሷል። ወንዶች ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሆናል። ሴቶች ይዘገያሉ፤ እስከ 14 ቀን ድረስ መጠበቅ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ከዚያ በፊት ቢቸኮል የእምቡጡ መሐል አይገኝም። ከዚያ ቢያልፍ ደግሞ እምቡጡ ከራስ ቅሉ ጋር ይያያዛል፤ ከብረቱ አፍም ይሰፋል።

በነገራችን ላይ፣ ጎዳ መሆን ደስ ቢልም ጎዳን ከጎዳ አታዳቅሉ። ከእንዲህ ያለ ጥንድ የፆታ አካላቸው የተዛባ፣ የማይወልዱ ሴት ግልገሎች ሊወለዱ ይችላሉ።

ችግር፦ ተተኩሶ ሲያበቃ ከወራት በኋላ ጠማማ ቀንድ ብቅ አለ

አንድ ጠርዝ ላይ ሳይቃጠል የተረፈ የእምቡጥ ሕዋስ አለ ማለት ነው። ብረቱ በደንብ አልጋለ ይሆናል፣ ዘግይቶም ሊሆን ይችላል። ወንዶች ላይ በብዛት የሚታየው ደግሞ እምቡጣቸው ክብ ስላልሆነ ነው። ወደ ፊትና ወደ መሐል ሾጠጥ ይላል፤ ክቡ ብረት ያንን ጫፍ ሳይነካ ያልፋል።

ሲተኮስ የሚፈለገው በእምቡጡ ዙሪያ ሳይቋረጥ የሚዞር የመዳብ ቀለም ያለው ቀለበት ነው። ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ነጣ ካለ እዚያው ጋ ነው ነገ የሚበቅለው። ወንድ ከሆነ ሾጠጥ ባለው በኩል ብረቱን በትንሹ አደራርቦ መድገም ያስፈልጋል።

የበቀለው ትንሽና የሚነቃነቅ ከሆነ ተዉት፤ ሲጋጩ እየተሰበረ ይወድቃል። ጥቂት ይደማል፣ አትደንግጡ። ወደ ዓይን ወይም ወደ ራስ ቅል ከታጠፈ ግን ጫፉ በየጊዜው ይቆረጥ። ያደገ ቀንድን ከሥሩ ማውጣት የሐኪም ቀዶ ጥገና ነው፤ ከቀንዱ ሥር ያለውን የአጥንት ክፍተት ይከፍታል።

ችግር፦ ከተተኮሰ በኋላ ፈዘዘ፣ አልጠባም አለ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ግልገል የሚሞተው በዚህ ነው።

ደህና የሆነ ግልገል ሲለቀቅ ራሱን ያራግፋል፣ ይጮሃል፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ እናቱ ግት ይሮጣል። መለኪያችሁ ይኼ ነው። በዚያው ቀን ወይም በሚቀጥሉት ቀናት ከደነዘዘ፣ ግድግዳ ላይ ግንባሩን ከደገፈ፣ ከዞረ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ሙቀቱ ወደ አንጎሉ አልፎ ሊሆን ይችላል። የፍየል ግልገል የራስ ቅል ከጥጃ በጣም የሳሳ ነው። በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። እስኪነጋ አትጠብቁ።

መከላከያው ግን ቀላል ነው። የጥጃ ብረትና የጥጃ ሰዓት ለግልገል አይሆንም። ብረቱ በደንብ ይጋል፣ ንክኪው አጭር ይሁን። እንደ ብረቱ ዓይነት ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይነካና ይነሳል። ካልበቃ፣ የተተኮሰውን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ቀዝቀዝ አድርጎ መድገም ይቻላል። ለብ ባለ ብረት ረጅም ጊዜ መጫን ነው አደገኛው፤ ብዙ ሰው ግን ያዘነ እየመሰለው ይህንን ያደርጋል።

ሌላው ምክንያት ማደንዘዣው ነው። መደንዘዝ አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ ቃጠሎ ነውና። ግን የግልገል መጠን ትንሽ ነው። 2 በመቶ የሆነ ሊዶኬይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ብንል፣ 1.5 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል ጠቅላላው ከ0.4 ሚሊ ሊትር ያንሳል። ይህ ለሁለቱም ቀንድ ነው። የፍየል ቀንድ ደግሞ ሁለት ነርቭ ስላለው አራት ቦታ መወጋት አለበት። ለዚህ ነው ሐኪም መድኃኒቱን አቅጥኖ የሚሰጠው። ግልገሉን መጀመሪያ በሚዛን መዝኑ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ለቀጣዩ ቀን የሚሆን የሕመም ማስታገሻም ሐኪሙን ጠይቁ።

የሚያቃጥል የቀንድ ቅባት ይሻል ይሆን ብላችሁ ከሆነ፣ ለፍየል አልመክርም። ግልገሎች እርስ በርስ ይተሻሻሉ፤ ቅባቱ ዓይን ውስጥ ወይም እናቱ ግት ላይ ያርፋል።

ችግር፦ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ እግሩ እንደ እንጨት ደረቀ

ጆሮው ቀጥ፣ ጅራቱ ቀጥ፣ አፉ አልከፈት ካለ መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ቴታነስ። ጀርሙ በቃጠሎውም በማኮላሻው ቁስልም ይገባል። ከታየ በኋላ ማዳን ከባድ ነው። እናትየው ከመውለዷ 4 ሳምንት ገደማ በፊት ከተከተበችና ግልገሉ እንገሩን በደንብ ከጠባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠበቃል። ያልተከተበች ከሆነች በዚያው በሥራው ቀን የፀረ-መርዝ መርፌ ያስፈልገዋል።

ችግር፦ 2 ወር ሳይሞላው እህቶቹ ላይ ይወጣል

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ድንክ ወንዶች በ7ኛውና በ8ኛው ሳምንት ማስረገዝ የሚችሉ አሉ። እህትም እናትም አይለይም። ለማኮላሸት አትሩጡ፤ 7 ሳምንት ሳይሞላው ለዩት። አጥር ምላጭን ያስቀራል፤ ጊዜም ይሰጣችኋል።

ችግር፦ የተኮላሸው ያምጣል፣ ሽንት ግን ጠብ አይልም

ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ «ሆዱ ደርቆበት ነው» ይላል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። እግሩን ዘርግቶ ይቆማል፣ ጅራቱ ይርገበገባል፣ ያቃስታል። ከሽንት መውጫው ጫፍ ያለው ፀጉር ደርቆ አሸዋ የመሰለ ነገር ሊይዝ ይችላል። ይህ የሽንት ጠጠር ነው። ፊኛው ሊፈነዳ ስለሚችል የሰዓታት ጉዳይ ነው። ብዙ ውሃ በግድ አታጠጡት። ሐኪሙ አንዳንዴ በብልቱ ጫፍ ያለችውን ቀጭን ጭራ መሳይ ነገር ቆርጦ ጠጠሩን ያወጣዋል፤ መጀመሪያ የሚዘጋው እዚያ ነውና።

ምክንያቱ በአብዛኛው መኖ ነው። እህልና ፉርሽካ ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል። በመኖው ውስጥ ካልሲየም የፎስፈረስን እጥፍ ያህል መሆን አለበት፤ 2 ለ 1። ስለዚህ ለተኮላሸ ፍየል ድርቆሽና ቅጠል ዋና ምግቡ ይሁን፣ ንጹሕ ውሃና ጨው አይጥፋ።

ዕድሜውም ሳይቆጠር አይቀርም። የሽንት ቧንቧው የሚሰፋው በወንድ ሆርሞን ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተኮላሸ ቧንቧው ጠባብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለዓመታት አብሯችሁ የሚኖር ከሆነ 3 ወይም 4 ወር ብትጠብቁ ይሻላል እላለሁ። ለይታችሁ ማቆየት ካልቻላችሁ 8 ሳምንት መካከለኛ ነው። በወራት ውስጥ ለሚታረድ ግን ይህ ሁሉ ብዙም አያሳስብም።

ችግር፦ ተኮላሽቷል፣ ግን ወጠጤ ወጠጤ ይሸታል

ላስቲክ ከተጠቀማችሁ፣ ሲታሰር አንደኛው ቆለጥ ወደ ላይ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ላስቲኩን ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለቱም ከላስቲኩ በታች መሆናቸውን በጣታችሁ ቁጠሩ። በ3 ወር ቆለጡ ስለሚተልቅ ላስቲክ ጥሩ ምርጫ አይደለም፤ ቡርዲዞ (ቆዳውን ሳይቆርጥ የዘር ገመዱን የሚቀጠቅጥ መቆንጠጫ) ወይም ቀዶ ጥገና ይሻላል። በቡርዲዞ እያንዳንዱ የዘር ገመድ ለብቻው ይቀጠቀጣል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይታችሁ ዳስሱ። ቆለጡ ካልሟሸሸ ገመዱ አምልጧል፤ ይደገማል። ከመጀመሪያውም አንዱ ቆለጥ ያልወረደለት ግልገል ካጋጠማችሁ የወረደውን ብቻ አታኮላሹ። የቀረው ሆዱ ውስጥ ሆርሞን ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ሁለቱንም ሐኪም በቀዶ ጥገና ያውጣ።