ዊ ኤስዲ ካርዴን አላይም ሲል
ዊ በተባለው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻዬ ላይ ሆምብሩ ቻናል (ኒንቴንዶ ያልሠራቸውን ፕሮግራሞች ከኤስዲ ካርድ የሚከፍተው መተግበሪያ) ይከፈታል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። 64 ጊጋባይቱ ኤስዲ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ያለችግር ይነበባል። ፋይሎቹን ደግሜ ገለበጥኩ፣ የካርዱን የጎን መቆለፊያም አየሁ። ወይ ፍንክች!

ጣጣው ፎርማቱ፣ ማለትም ካርዱ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት ስልት ነበር። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ኤክስፋት ሆነው ነው የሚመጡት፤ ዊ ላይ የሚያስፈልገው ግን ፋት32 ነው። የእኔ ዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ደግሞ ለትልቅ ካርድ ይህን ምርጫ አያሳይም። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም፣ ቡት የማያደርግ የሚለውንና ፋት32ን መርጬ ፎርማት አደረግኩት። (ሁሉንም ያጠፋል፤ አስቀድማችሁ ኮፒ ያዙ።)

ፋይሎቹን መልሼ ስገለብጥ ሌሎቹ ታዩ፤ አንዱ ፕሮግራም ግን አሁንም አልታየም። የፕሮግራሙ ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ሲፈታ፣ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት አፕስ ፎልደር ውስጥ ሌላ አፕስ ፈጥሯል። መሆን ያለበት አፕስ፣ በውስጡ የፕሮግራሙ ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ፋይል «ቡት.ዶል» ነው። የፕሮግራሙን ፎልደር አንድ ደረጃ ወደ ላይ ሳወጣው ወዲያው ብቅ አለ።