ከስክስ ጫማ ቅልጥምዎን ሲያሳምምዎ ምን ማድረግ አለብዎት?

በባሕር ዳር በጣና ዳር ሆቴሎች በር ላይ ቆመው የሚያድሩ የጥበቃ ሠራተኞች፣ በግንባታ ቦታ የሚውሉ ሰዎችና እንግዶችን ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚያደርሱ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ አንገቱ ረጅምና ቆዳው ደረቅ የሆነ ከስክስ ጫማ ያደርጋሉ። አዲስ ከስክስ ገዝቶ ቅልጥሙ ፊት ለፊት የሚቆጠቁጠው ሰው በአመዛኙ ጥፋቱን የሚጥለው በቆዳው ድርቀት ላይ ነው። ድርቀቱ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ግን ተረከዝ በጫማው ውስጥ በደንብ መያዝ አለመያዙ ነው። ተረከዝ በተነሣ ቁጥር እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ቅልጥም ከጫማው ምላስና ከአንገቱ ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ በዚያ ቦታ ደግሞ አጥንቱ ከቆዳው ሥር ወዲያው ስለሚገኝ ግፊቱን የሚያበርድለት ሥጋ እምብዛም የለውም። በበረዶ ላይ በሰሌዳ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞችን የሚያስቸግራቸው የቅልጥም ሕመምም ከዚሁ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ ጫማውን አውልቀው ሕመሙ የት እንዳለ በጣትዎ እየተጫኑ ይለዩ። የሚያምዎ የጫማው ጠርዝ ወይም ክሩ ባረፈበት ቦታ ብቻ ከሆነ ችግሩ ከጫማው ነው፤ ቀጥለው የተዘረዘሩት እርምጃዎችም ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ናቸው። በቅልጥሙ የውስጥ ጎን በኩል ረዘም ብሎ የሚሰማ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በድንገት ከተጨመረ የእግር ጉዞ ወይም ሩጫ ስለሆነ፣ ጫማ ከመቀየር ይልቅ እንቅስቃሴውን መቀነስ ይሻላል።

ሁለተኛው እርምጃ ጫማውን መፈተሽ ነው። እጅዎን አስገብተው ምላሱ ወደ አንድ ጎን የሸሸ፣ የታጠፈ ወይም ስፌቱ ወደ ውስጥ ያበጠ መሆኑን ይዳስሱ። ቀጥሎም ክሩን ሳያስሩ እግርዎን አስገብተው ጣቶችዎ የጫማውን አፍንጫ እስኪነኩ ወደ ፊት ይግፉ፤ ከተረከዝዎ በስተኋላ ከአንድ ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካለ ጫማው ሰፍቶዎታል። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ይህን ሙከራም ሆነ ግዢውን ወደ ማታ ቢያደርጉት ይመረጣል።

ዋናው ሥራ አስተሳሰሩ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው እግሩ ሲንሸራተትበት የላይኛውን ክር አጥብቆ ይስባል፤ ይህም ተረከዙን ሳይዝለት ሕመም ያለበትን ቦታ ይበልጥ ይጫነዋል። ከዚህ ይልቅ ተቀምጠው ተረከዝዎን ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ በማድረግ ወደ ኋላ ያስጠጉት፤ ምላሱን መሐል ላይ አስተካክለው ክሩን ከጣቶችዎ በኩል ጀምረው እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ድረስ ያጥብቁ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሁለቱን ክሮች እርስ በርስ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው ይሳቡ፤ ጥምዝማዙ የታችኛውን ጥብቀት ይዞ ስለሚያስቀር፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በምላሱና በቅልጥምዎ መካከል አንድ ጣት እስኪገባ ድረስ አላልተው ማሰር ይችላሉ። ወደ ፏፏቴው እንደሚወስደው ባለ ቁልቁለት መንገድ ላይ እግር ወደ ፊት ስለሚገፋ፣ ከመውረድዎ በፊት ይህን አስተሳሰር እንደገና ማስተካከል ይጠቅማል።

ካልሲ አንድ ይበቃል። ሁለት መደረብ ውስጡን ያጨማድዳል፤ ጭምድዱም ራሱ ያሳምማል። ካልሲው ከጫማው አንገት በላይ የሚዘልቅ ይሁን፤ የሱሪዎን ጫፍም ከምላሱ ሥር አይክተቱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ግፊቱ ካልቀነሰ ስፖንጅ ይጨምሩ፤ ነገር ግን የታመመው ቦታ ላይ ስፖንጅ መደረብ ጫናውን እዚያው ያበዛዋል። ስስ ስፖንጅ ቆርጠው ሕመሙ በሚያርፍበት ልክ መሐሉን ይብሱትና ምላሱ ላይ በማስቲሽ ያስለጥፉት፤ ማንኛውም ጫማ ሰፊ በጥቂት ደቂቃ ይሠራዋል።

ቆዳውን ለማለስለስ ጫማውን ለመጀመሪያ ጊዜ በተረኛ ቀንዎ ከማድረግ ይልቅ፣ አስቀድመው ቤት ውስጥ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ያድርጉት። በክረምት ዝናብ የበሰበሰ ከስክስ ከሰል ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ቆዳው ይበልጥ ስለሚገትር፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀው በጥላ ያድርቁት፤ ሲደርቅም የቆዳ ቅባት ይቀቡት።

ለታመመው ቅልጥም ደግሞ እረፍት ይስጡት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል በቀን ጥቂት ጊዜ ያሳርፉበት፤ ቤት ፍሪጅ ከሌለ ከጁስ ቤት መጠየቅ ይቻላል። የተቆጣውን ቦታ በኃይል ማሸት ወይም ማሳሸት ያባብሰዋል።

ሕመሙ በጣት ጫፍ በምትሸፈን አንዲት ነጥብ ላይ ከሆነና ተኝተውም የሚጠዘጥዝዎ ከሆነ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጫማውን ካወለቁ በኋላ እግርዎ እየተወጠረ ሕመሙ ከባሰ፣ ከደነዘዘ ወይም ጣቶችዎን ወደ ላይ ማንሣት ካቃተዎት ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጫማው ትንሽ ቁስል እንኳ ካወጣበት ይድናል ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ለምርመራ ሲሄድም ጫማው የሚነካውን ቦታ ሐኪሙ እንዲያይ ጫማውን ይዞ ይቅረብ።