የጥልፍ ዲዛይን ሶፍትዌር በፕሮጀክተር ለማስተማር ክፍሉን እንዴት እናዘጋጅ?

ደብረ ማርቆስ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ በኮምፒውተር መንደፍ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ጥልፍ አሳምረው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። መርፌና ክር ሲይዙ እጃቸው ራሱ መንገዱን ያውቃል። ማውስ ሲይዙ ግን ግራ ይገባቸዋል። ሶፍትዌሩ ከብዷቸው አይደለም። እኔ የቱን እንደነካሁ አላዩም። ስለዚህ ፕሮጀክተር ስትተክሉ መጨረሻ ወንበር ላይ የምትቀመጠዋን ሴት አስቡ።

መጀመሪያ ግድግዳውን ምረጡ። መስኮት ፊት ለፊቱ ያለ ግድግዳ አይሆንም፤ የጎጃም የበጋ ፀሐይ ምስሉን ያጠፋዋል። ቀለም የተቀባ ግድግዳም ተዉት። አረንጓዴ ግድግዳ ላይ ቀዩ ክር ቡኒ መስሎ ይታያል፤ ለጥልፍ ደግሞ ቀለም ዋናው ነገር ነው። ነጭ አቡጀዲ ገዝታችሁ ስቀሉ። በደንብ ተተኩሶ፣ ከታች ዱላ ገብቶበት፣ ውጥር ብሎ ይሰቀል። አንድ ቀን ሳልተኩስ ሰቅዬው የመስቀል ጥለት እያሳየሁ ነበር። አንዷ ተማሪዬ ቀጥ ያለውን መስመሯን ደጋግማ ታጠፋለች። ምነው ስላት «ቲቸር፣ የእርስዎ እኮ እዚህ ጋ ይጎብጣል» አለችኝ። የጎበጠው ጨርቁ ነበር። እሷ ግን ያየችውን በታማኝነት እየቀዳች ነው። ያን ቀን ካውያ ፈልጌ አመጣሁ።

ቀጥሎ ፕሮጀክተሩን ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨርቁ ጋር ፊት ለፊት አስቀምጡት። የተለመደው ዓይነት ፕሮጀክተር ከ3 ሜትር ርቀት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ምስል ይሰጣል። የምስሉ ታችኛው ጠርዝ ከፊት ከተቀመጡት ጭንቅላት በላይ ይሁን። ሰያፍ ከተቀመጠ ክቡ ነገር ሞላላ ይሆናል። ለመፈተን ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ ወርድና ቁመቱ እኩል የሆነ ክብ ሳሉና ጨርቁ ላይ በሜትር ለኩት። ካልተካከለ በፕሮጀክተሩ ሜኑ ከማስተካከላችሁ በፊት ጠረጴዛውን አንቀሳቅሱ።

ገመዱ ቀላል ነው። ኤችዲኤምአይ ካለ እሱን ሰኩ፤ ፕሮጀክተሩ አሮጌ ከሆነና ቪጂኤ የሚባለው የድሮው መሰኪያ ብቻ ካለው፣ ላፕቶፑ ደግሞ ቪጂኤ ከሌለው፣ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍን ከ«ፒ» ጋር አብራችሁ ተጫኑና «ዱፕሊኬት»ን ምረጡ። «ኤክስቴንድ» ላይ ካደረጋችሁት እናንተ የምታዩትና እነሱ የሚያዩት ይለያያል። የስክሪኑን ስኬል፣ ማለትም የጽሑፉንና የአዝራሮቹን መጠን፣ ወደ 150 በመቶ ከፍ አድርጉ። የማውሱን ቀስትም ከሴቲንግ ገብታችሁ አሳድጉት፤ ቀለሙንም ደመቅ አድርጉት። ትንሽ አዝራር ስታሳዩ የዊንዶውስ ቁልፍን ከመደመር ምልክቱ ጋር ተጫኑ፤ ማጉያው ይከፈታል። ለመውጣት ዊንዶውስና ኢስኬፕ ነው።

አሁን ሄዳችሁ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትንሹን የሜኑ ጽሑፍ ማንበብ ካቃታችሁ ፕሮጀክተሩን ወደ ኋላ ራቅ አድርጉት፣ ምስሉ ያድጋል። ቦታው ጠባብ ከሆነ ወንበሮቹን ወደ ፊት ሳቡ።

ስታስተምሩ ሁሉም እጁን ከማውስ ያንሳ። አሳዩ፣ ከዚያ ይሥሩ። የፕሮጀክተሩ ሪሞት ላይ «ፍሪዝ» የሚል ካለ ተጫኑት። ምስሉ ባለበት ይቆማል፤ እናንተ የአንዷን ፋይል እያስተካከላችሁ ሌሎቹ የመጨረሻውን ደረጃ እያዩ ይሠራሉ። ኢንክስኬፕ ላይ የሚጨመረውና በነፃ የሚገኘው የጥልፍ መሣሪያ ኢንክ ስቲች ደግሞ ስፌቱን መርፌ በመርፌ የሚያሳይ ሲሙሌተር አለው። እሱን በትልቁ ስታሳዩ ጥልፍ የሚያውቁት ዓይናቸው ይበራል። «እዚህ ጋ ክሩ ይጠላለፋል» ብለው ቀድመውኝ ያውቃሉ።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃችሁ አይሰማም። የምትጫኗቸውን ቁልፎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፉ። መብራት ሲሄድም የሚተርፋችሁ እሱ ነው፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል። ፕሮጀክተሩን በስታብላይዘር ሰኩት። መብራት ሲመለስ ወዲያው አታብሩት፣ አምፖሉ ትንሽ ይቀዝቅዝ። ክፍል ሲያልቅም በሪሞት አጥፍታችሁ ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ፤ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ።