የክረምት ጀምበር በእስራኤል ዳርቻ፦ ታይምላፕስ የሚያበላሹ ስህተቶች

ታይምላፕስ በየጥቂት ሰከንዱ የተነሱ ፎቶዎችን አያይዞ የሚሠራ ቪዲዮ ነው። ክረምት ያልነው የእስራኤሉን ነው፤ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ።

የመጀመሪያው ስህተት በበጋ የወደዱት ቦታ ላይ ሄዶ መቆም ነው። በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምዕራብ 28 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ ተጠግታ ነው። ከሃይፋ በስተሰሜን ባለችው የባሕር ዳር ከተማ በቂርያት ያም ይህ ሁሉን ይለውጣል፤ በበጋ ባሕር ውስጥ የምትገባው ጀምበር በክረምት ካርሜል ተራራ ጀርባ ትሰወራለች። ጋራው ከዚያ ሲታይ ከአድማሱ በላይ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚነሳ፣ ስልኩ ትጠልቃለች ካለው ሰዓት 8 ወይም 9 ደቂቃ ቀድማ ትጠፋለች። የሃይፋ መብራት ከጋራው ጋር ሲበራ ማንሳት ለሚፈልግ ይህ ጥሩ ነው። ጀምበሯን ከነውሃው የሚፈልግ ግን ወደ ሰሜን፣ አኮ ከተማ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከአሮጌው ግንብ ካርሜል በስተግራ ይቀራል። የሚጠራጠሩ ከሆነ ከሚያነሱበት ቀን በፊት ባለው ቀን በዚያው ሰዓት ቆመው ይዩ፤ እዚያው መንጠቆ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆችንም ይጠይቁ።

ሰዓትም ያሳስታል። ጀምበር ቶሎ የምትገባው አጭሩ ቀን ዲሴምበር 21 ላይ ሳይሆን በወሩ መጀመሪያ፣ 10 ሰዓት ከ35 ገደማ (በስልክዎ 16:35) ነው።

ፀሐይዋ እንደገባች ዕቃ መሰብሰብም የተለመደ ነው። ቀዩ ቀለም ብዙ ጊዜ የሚደምቀው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ከመግባቷ 45 ደቂቃ በፊት ጀምረው ከገባች በኋላ 30 ደቂቃ ቢቆዩ፣ በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ 900 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሆናል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲጫወት 36 ሰከንድ ነው። ፎከስና ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያው) አውቶ ላይ ከተተዉ ቪዲዮው ይብለጨለጫል።

ጥርት ያለ ሰማይ አይምረጡ፣ ባዶ ነው። ዝናቡ አልፎ ደመናው የተበጣጠሰበት ቀን ይሻላል፤ ዋናው በአድማሱ በኩል ክፍተት መኖሩ ነው።

በክረምት ትልቁ ጠላት ብርድ ሳይሆን የጨው ርጭት ነው። አንዲት ጠብታ ሌንስ ላይ ከደረቀች በመቶ በሚቆጠሩ ፍሬሞች ውስጥ ነጭ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ደረቅ ጨርቅ አይጠቀሙ፣ ጨው ይቧጭራል፤ በንጹሕ ውሃ ያረጠቡትን ቀድመው፣ ደረቁን አስከትለው ይጥረጉ። ከማዕበሉ ራቅ ብሎ በረዥም ሌንስ ማንሳት ከሁሉ ይቀላል።

ትራይፖዱ፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ያድርጉ። ለክብደት የሚያንጠለጥሉት ቦርሳ መሬት ይንካ፤ ካልነካ ነፋሱ ያወዛውዘውና ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል።

በባሕር ዳር ከተማዋ ነታኒያ ደግሞ ከገደሉ ጠርዝ ይራቁ፤ ከሥሩም አይቁሙ። ኩርካር የሚባለው የአሸዋ ድንጋይ ዝናብ ሲጠጣ ይላላል፣ ያለ ማስጠንቀቂያም ይናዳል። ትራይፖድ ከአጥሩ ውጭ አይተከልም።